ፈላስፋ አሳዛኝ ቴአትር ሲጽፍ፤ ስለ ከበደ ሚካኤል «አኒባል»

ፈላስፋና የቴአትር ጸሐፊ ከጥንት ጀምሮ ድንበር የሚገፋፉ ጎረቤታሞች ናቸው። የቀድሞ ፈላስፎችን የሕይወት ታሪክ የሰበሰበው ዲዮጋን ላእርቲዮስ እንደሚተርከው፣ አፍላጦን በወጣትነቱ ትራዤዲ፣ ማለት አሳዛኝ ቴአትር፣ ደርሶ ለውድድር ሊያቀርብ ሲል ሶቅራጥስን አድምጦ ድርሰቱን በእሳት አቃጠለው ይባላል። ከዚያም በኋላ ስለ መልካም መንግሥት በጻፈው መጽሐፉ ባለቅኔዎችን ከከተማው አስወጣቸው። ነገር ግን ሰውዬው በእሳት ያቃጠለውን ከልቡ ጨርሶ አላወጣውም። የጻፈው ሁሉ ሰው ከሰው ጋር ሲከራከር ነው፤ የመምህሩንም የመጨረሻ ቀን የጻፈበትን ያነበበ ሰው፣ ይህ ጸሐፊ ለመድረክ ቢጽፍ ኖሮ ከማን ያንስ ነበር ሳይል አይቀርም። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ግን አላቃጠለም፤ ተቀምጦ መረመረ። በምርመራውም፣ አሳዛኝ ቴአትር በተመልካቹ ልብ ፍርሃትንና ርኅራኄን የሚያስነሣ መሆኑን፣ ባለታሪኩም ፍጹም ደግ ወይም ፍጹም ክፉ ሳይሆን በአንድ ስሕተቱ ምክንያት ከከፍታው የሚወድቅ ሰው መሆን እንደሚገባው ደነገገ። እኛም ከዚህ በታች ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ አሳቢ የቴአትር ሥራ ስንናገር ይህንኑ ሚዛን እንይዛለን።

አሳቢው አቶ ከበደ ሚካኤል ናቸው። በ1909 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ደጋ ተወልደው በ1991 ዓ.ም. ያረፉት እኒህ ሰው ባለቅኔ፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ ተርጓሚና የቴአትር ደራሲ እንደ ነበሩ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ፈላስፋ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ግን ማነጋገሩ አይቀርም። የአውሮፓን መለኪያ የያዘ ሰው፣ ስለ ዕውቀት ሥርና ስለ ሎጂክ የጻፉት መጽሐፍ የት አለ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ይህ ስም የራሱ ታሪክ አለው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» የሶቅራጥስን፣ የአፍላጦንንና የሌሎችን ቃል ሲያቀርብልን፣ ፈላስፋ ማለት ረጅም ማስረጃ የሚደረድር ሰው ሳይሆን ለንጉሥም ለልጅም የሚጠቅም አጭር ቃል የሚናገር ሰው ነው። ይናገራል፤ ሰሚው ይመዘግባል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። በዚህ በአገራችን ትርጉም «ብርሃነ ኅሊና»ን፣ «ታሪክና ምሳሌ»ን፣ «ታላላቅ ሰዎች»ን የጻፈ ሰው ፈላስፋ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ይህንንም የምንለው ለስሙ ክብር ብቻ አይደለም። ደራሲው ወደ ቴአትር በገቡ ጊዜ ይህንኑ የፈላስፋነት ልማድ ይዘው ስለ ገቡ፣ የሥራቸው ብርታትም ድካምም ከዚሁ የሚመነጭ ስለ መሰለን ነው።

ነገሩን ከትልቁ ድርሰት ከመጀመር ይልቅ ከትንሹ መጀመር ይሻላል። በ«ታሪክና ምሳሌ» ውስጥ ካሉት ግጥሞች ሁሉ በሕዝብ አፍ የቀረው ስለ አዝማሪና ስለ ውሃ ሙላት የሚናገረው ነው። አዝማሪው መንገድ ሲሄድ ወንዝ ሞልቶ ያገኛል፤ ዳር ሆኖ እየዘፈነ ውሃውን ያወድሳል፤ እንዲጎድልለትና እንዲያሻግረው። መንገደኛ ይደርስና ምን ትሠራለህ ይለዋል። አዝማሪውም ሐሳቡን ያስረዳዋል። መንገደኛው ግን፣ የምታወድሰው ውሃ ሲሰማህ አይቆምም፣ ያለፈው አልፏል፣ የሚመጣውም ሌላ ነው ብሎ ድካሙ ከንቱ መሆኑን ይነግረዋል።

ይህን ግጥም በአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ማንበብና በይፋት ቆላ ማንበብ አንድ አይደለም። ከመንዝ አፋፍ የሚወርዱት ወንዞች ቆላውን ሰንጥቀው ወደ አዋሽ ሸለቆ ያዘነብላሉ። ከእነርሱ አንዱ ጀውሃ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብላ የምትገኘው ከተማም ስሙን ትጋራዋለች። በዚያ አገር ክረምት ሲሆን ሰማዩ ከራስ በላይ ጠርቶ፣ አሸዋው ደርቆ፣ ከብቱ በወንዙ መካከል ቆሞ ሳለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናም ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ደጋ ያለው ሰው ዝናሙን አይቷል፤ ጎርፉን ግን አያየውም። ቆላ ያለው ሰው ጎርፉ ይወስደዋል፤ ዝናሙን ግን አላየውም። የጀውሃ ልጅ ስለዚህ ገና ክፍል ሳይገባ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጥፋት የሚጀምርበት ቦታና ጥፋት የሚደርስበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸው ነው። አርስጣጣሊስ በብዙ ቃል ያስረዳው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ወደ ግጥሙ እንመለስ። ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ፤ ወንዝ አለ፤ አደጋ አለ፤ ዘፈን አለ። ለቴአትር የሚያስፈልገው ሁሉ ተሰናድቷል ማለት ነው። ታዲያ ቴአትር ያልሆነው ለምንድን ነው? መልሱ፣ ሁለት አፍ እንጂ ሁለት ልብ ስለሌለው ነው። መንገደኛው ትክክል ነው፤ አዝማሪው ተሳስቷል፤ እኛም ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ከመንገደኛው ጋር ቆመናል። አዝማሪው ግን ሊመልስ የሚችለው መልስ ነበረው። «ወንድሜ፣ ውሃው እንደማይሰማኝ ሳላውቅ ቀርቼ መሰለህ? ከዚህ ዳር ከምፈራ እየዘፈንኩ ብቆይ ይሻለኛል» ቢል ኖሮ፣ ነገሩ ሁሉ ይለወጥ ነበር፤ የትኛው ጠቢብ የትኛው ሞኝ እንደሆነ አንባቢው ለመፍረድ ይቸገር ነበር። ለምሳሌያዊ ግጥም ይህ ችግር ነውር ነው፤ ምሳሌ ትምህርቱ መጥራት አለበትና። ለአሳዛኝ ቴአትር ግን ይህ ችግር እስትንፋሱ ነው።

አቶ ከበደ ወደ ቴአትር የገቡት በ1938 ዓ.ም. በታተመው «የትንቢት ቀጠሮ» ነው። ከዚያ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» በአማርኛ ግጥም ተረጎሙ። ይህ ትርጉም ለእርሳቸው እንደ ትምህርት ቤት ሳይሆን አልቀረም። ከዚያም «አኒባል» በ1948 ዓ.ም. ወጣ። ኋላ «ካሌብ»ንና «አክዓብ»ን ጽፈዋል፤ እኛ ግን በ«አኒባል» ላይ የምንቆምበት ምክንያት አለን። የሌሎቹ ጭብጥ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከገዛ አገር ታሪክ ሲቀዳ፣ ይህኛው ደራሲው በገዛ ፈቃዳቸው ሩቅ ሄደው የመረጡት ነው። ሰው ደግሞ ሩቅ ሄዶ የመረጠው ነገር የልቡን ይናገራል።

ምን መረጡ? የቀርታጎን ጦር አዛዥ አኒባልን። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ አኒባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሐሚልካር ወደ መሠዊያ ወስዶ ለሮማ መቼም ወዳጅ እንዳይሆን አስማለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዓመት ከነዝሆኖቹ የአልፕን ተራራ ተሻግሮ ኢጣልያ ገባ፤ በ216 በካኔ ሜዳ ታላቁን የሮማ ጦር ደመሰሰ። ከዚህ ድል በኋላ የፈረሰኞቹ አለቃ ማሐርባል በቀጥታ ወደ ሮማ እንሂድ ሲለው እንቢ አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ኢጣልያ ውስጥ ሲዞር፣ ከአገሩ የሚበቃ ርዳታ ሳይደርሰው ቀረ፤ ሊረዳው የመጣውን የወንድሙን የሐስድሩባልን ራስ ሮማውያን ቈርጠው በሰፈሩ ፊት ጣሉበት። በ202 በዛማ ድል ሆነ። ከዚያም ከገዛ አገሩ ተሰደደ፤ በመጨረሻም በቢቲንያ ሮማውያን አሳልፈህ ስጠን ሲሉ ንጉሡን ቢያስጨንቁት፣ መርዝ ጠጥቶ ሞተ።

ይህን ታሪክ አንድ ኢትዮጵያዊ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ማስረዳት አያሻም። ከሮማ የተነሣ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ አምስት ዓመትም ተቀመጠ። ከአፍሪካ ተነሥቶ ሮማን በገዛ ምድሯ ያንቀጠቀጠ ጀግና ለመድረክ ማቅረብ፣ በ1948 ዓ.ም. ለነበረ ተመልካች፣ የሩቅ ታሪክ መተረክ አልነበረም። ደራሲው ይህን ጀግና መምረጣቸው በእኛ አስተያየት ከድርሰቱ ሁሉ ታላቁ የአሳቢነት ሥራ ነው። ሌሎች ጸሐፊዎች አምስቱን የመከራ ዓመታት በቀጥታ ሲጽፉ፣ እርሳቸው ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው፣ ሮማና አፍሪካ የተገናኙበትን ታላቅ ፍልሚያ አወጡ። ነገሩን ከፍ ካለ ቦታ ማየት ማለት ይህ ነው።

ዳሩ ግን ምርጫው ያመጣው ዕዳም አለ። መጋረጃው ሳይገለጥ ተመልካቹ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ሮማዊ ወደ መድረክ ሲወጣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ጠላት ነው። ስኪፒዮን አስቡት። አባቱንና አጎቱን በእስፓኝ በቀርታጎን ጦር ያጣ ወጣት ነው፤ ወደ አፍሪካ የተሻገረው ያንን ሐዘን ይዞ ነው። ከድል በኋላም የገዛ አገሩ ሰዎች ከስሰውት ከሮማ ርቆ እንደ ስደተኛ ሞተ፤ የሞተበትም ዘመን ከአኒባል ሞት እምብዛም አይርቅም። ሁለቱ ጠላቶች የአንድ ዕጣ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ ለአሳዛኝ ቴአትር የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ግን ስኪፒዮን እንዲህ ሆኖ እንዲታይ ከተፈለገ፣ ደራሲው ለሮማዊው ከአኒባል የማያንስ ቃል ሊሰጡት ይገባ ነበር፤ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የጻፈ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ይህን ለማድረግ ምን ያህል ልቡን ማሸነፍ እንደሚያስፈልገው ቀርቶ አይገመትም። እኛ ደራሲውን በዚህ አንወቅስም፤ ጉድለቱን ግን አንሸፍነውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የጠለቀ ነው። አኒባል ለምን ወደቀ? ታሪኩ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው፣ የቀርታጎን መማክርት በምቀኝነትና በስስት ርዳታ ስለ ከለከሉት ነው የሚለው ነው። ይህ መልስ ትምህርት አለው፤ አገር የምትጠፋው በልጆቿ መከፋፈል መሆኑን ያስረዳል። ሁለተኛው መልስ ከራሱ ከአኒባል ውስጥ የሚፈልቅ ነው፤ በዘጠኝ ዓመቱ የማለው መሐላ። ያ ልጅ የማለው ጠላትነት የራሱ ነበር ወይስ የአባቱ? ሮማን መጥላትን እንጂ ከሮማ ጋር ምን ማድረግ እንደሚገባ ማን አስተማረው? በካኔ ማግስት ቆሞ የቀረው፣ መጥላትን የሚያውቅ ሰው ያሸነፈ ዕለት ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ይሆን? እዚህ ላይ ጥፋቱ እንደ ጀውሃ ደራሽ ነው፤ የዘነበው ከሠላሳ ዓመት በፊት በአባቱ ዘመን፣ ጎርፉ የደረሰው በልጁ ዘመን ነው።

የአቶ ከበደ ልብ ወደ የትኛው መልስ እንደሚያደላ ከሌሎቹ ጽሑፎቻቸው መረዳት ይቻላል። «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ»ን፣ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን የጻፈ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው፣ ሕዝብ በምን ያድጋል፣ በምንስ ይወድቃል የሚለውን ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው አኒባል ከሁሉ አስቀድሞ ምሳሌ ነው። በእርግጥም ድርሰቱን ስናነብ፣ ብዙው ንግግር ከተናጋሪው ተለይቶ ለብቻው ቢጻፍ ምንም የማይጎድልበት፣ በግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚችል ሆኖ ይሰማናል። ይህ ለግጥም ሙገሳ ነው፤ ለቴአትር ግን አጠራጣሪ ሙገሳ ነው። በቴአትር ቃል ከአፍ የሚወጣው ሌላውን ለመግፋት፣ ለማታለል፣ ለመለመን ወይም ለመሸሽ ነውና፣ ከተናጋሪው ሲነጠል ሊደማ ይገባዋል።

ስለ ግጥሙም አንድ ነገር እንበል። የአቶ ከበደ ግጥም ጥርት ያለ ነው፤ ስንኙ እኩል፣ ቃሉ የተመረጠ፣ ቤቱም ሳይደናቀፍ የሚመታ ነው። ልጅ እንኳን አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቤት በመታ ቁጥር ሐሳቡ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ለምሳሌያዊ ግጥም ይህ መዘጋት እንደ ዳኛ ፍርድ ደስ ያሰኛል። ሁለት ሰዎች በቍጣ ሲነጋገሩ ግን አንዱ የጀመረውን ስንኝ ሌላው ነጥቆ ሊጨርሰው፣ ወይም ሳያስጨርሰው ሊያቋርጠው ይገባል። ሙሉ ስንኝ ለሙሉ ስንኝ እየተሰጣጡ የሚከራከሩ ሰዎች፣ ጠላትነታቸው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ተራ የሚጠባበቁ ጨዋ እንግዶች ይመስላሉ። ይህ ድካም የእርሳቸው ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በግጥም የተጻፉት አብዛኞቹ ቴአትሮች የተካፈሉት ነው። ኋላ የመጣው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የስንኙን ርዝመት ሲያስረዝምና ትንፋሹን ሲሰብር፣ መንግሥቱ ለማም በሌላ መንገድ ወደ ዕለታዊ ንግግር ሲጠጋ፣ ሁለቱም የሚያመልጡት ከዚሁ ከተዘጋው በር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ እንግዲያው ፈላስፋ አሳዛኝ ቴአትር ሊጽፍ አይችልም ማለታችሁ ነውን ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። አይደለም። ማስረጃችንም የሮማው ሴኔካ ነው፤ ከሮማ የመጣ ምስክር ማቅረባችን ደግሞ ለዚህ ርእስ ሳይስማማው አይቀርም። ሴኔካ የኔሮን መምህር ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ65 በዚያው በደቀ መዝሙሩ ትእዛዝ ራሱን እንዲገድል ተገደደ። ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቁጣ እብደት መሆኑን፣ ገና ሲጀምርም በአእምሮ ልጓም ሊገታ እንደሚገባ አስተምሯል። ይኸው ሰው «ሜዴያ» የተባለውን ቴአትር ጻፈ። ሜዴያ ባሏ ያሶን ሌላ ሊያገባ ሲል በቁጣ ተቃጥላ የገዛ ልጆቿን የምትገድል ሴት ናት። በድርሰቱ ውስጥ አሳዳጊዋ ታገሺ፣ ቁጣሽን ሸሽጊ፣ ዝም በይ እያለች ትመክራታለች። ልብ በሉ፤ ምክሩ የራሱ የሴኔካ ምክር ነው፤ በፍልስፍና መጽሐፉ የጻፈው ነው። እዚህ ግን ያንን ምክር የያዘችው ደካማይቱ አሳዳጊ ስትሆን፣ ብርቱው ቃል ሁሉ የተሰጠው ለሜዴያ ነው። ትረታታለች። ድርሰቱም የሚያልቀው አሸንፋ በሰማይ ስትሄድ፣ ባሏም ከታች ቆሞ የአማልክትን መኖር ሲክድ ነው፤ ይህንንም የጻፈው የአማልክትን መግቦት ያስተማረ ፈላስፋ ነው።

«ቲየስቴስ» በተባለው ሥራውም ያው ነው። አትሬዎስ የወንድሙን ልጆች አርዶ ለአባታቸው ሊያበላ ሲያስብ፣ አሽከሩ ሕዝብ ምን ይላል፣ ጽድቅስ የት ሄደ ይለዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ ይሸነፋል። ፈላስፋው ለገዛ ትምህርቱ ጠላት እጅግ ያማረውን አንደበት ሰጠው ማለት ነው። ይህንንም ያደረገው ትምህርቱን ስለ ተጠራጠረ ነው የሚሉ አሉ፤ ተመልካቹ ቁጣን አይቶ እንዲሸሽ ነው የሚሉም አሉ። ለእኛ የሁለቱ ክርክር መጨረስ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን፣ ሴኔካ ያስተማረውን ነገር በመድረክ ላይ ለአደጋ ማጋለጡ ነው። የሴኔካም ቴአትር እኮ አጫጭር የጥበብ ቃል የሞላበት ነው፤ ከመድረክ ይልቅ ለንባብ ይስማማል ብለው የነቀፉትም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የጥበብ ቃል መብዛቱ ብቻውን በደል አይደለም። ጥያቄው ያንን ቃል ማን ይናገረዋል የሚለው ነው። የጥበብ ቃል ሁሉ በአንድ ወገን ከተሰለፈ ስብከት ይሆናል፤ ጠላትም ከደረሰው ጦርነት ይሆናል።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ግዕዛችን ራሱ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዟል። የስክንድስ ታሪክ እንደ «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ሁሉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ስክንድስ በትምህርት ቤት ስለ ሴቶች የተጻፈ ክፉ ቃል ያነብባል፤ እውነት መሆኑን ለመፈተን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ እንግዳ ሆኖ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። እናቱ ሳታውቀው በገንዘብ ተታልላ ትቀበለዋለች። እርሱ ግን ሳይነካት ያድራል፤ ሲነጋ ልጅሽ ነኝ ይላታል። እርሷም ኀፍረቱን መቻል ተስኗት ራሷን ታጠፋለች። አንደበቱ እናቱን ስለ ገደለበት፣ ስክንድስ ዕድሜ ልኩን ላለመናገር ይምላል። ንጉሡ በሞት አስፈራርቶ ተናገር ቢለው እንኳን አይናገርም፤ የተጠየቀውን ሁሉ በጽሑፍ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ፀሐይ ምንድር ናት፣ ሰው ምንድር ነው ወደሚሉት ጥያቄና መልሶች ይሻገራል።

እኛ ይህን መጽሐፍ ባሰብነው ቁጥር የምንገረመው፣ አንባቢ ሁሉ ጥያቄና መልሱን ሲያጠና የፊተኛውን ታሪክ እንደ መግቢያ ቆጥሮ ማለፉ ነው። ፍሬው ግን ያ ነው። ስክንድስ የፈለገው እውነትን ማወቅ ነበር፤ መፈለጉም ነውር አልነበረም፤ እናቱም ክፉ ሴት አልነበረችም። ያቺን ሴት የገደላት ማወቅ ነው። አርስጣጣሊስ ስለ አንድ ስሕተት የተናገረው ሳይጓደል እዚህ አለ። አገራችን ስለ ፈላስፋ የተጻፈ አሳዛኝ ታሪክ በእጇ ይዛ፣ ለመድረክ ሳታወጣው መኖሯ ያስቆጫል። አቶ ከበደ ግዕዝንም ፈረንሳይኛንም የሚያውቁ ሰው ነበሩና፣ ይህን ጭብጥ ቢነኩት ምን ይወጣቸው ነበር እያልን አንዳንዴ እናስባለን።

ስለ ቮልቴር ብዙ አንናገርም። «ዛኢር» የተባለው አሳዛኝ ቴአትሩ እ.ኤ.አ. በ1732 ፓሪስን አስለቅሶ ነበር፤ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በ«ካንዲድ» ነው። ካሙ ግን በ«ካሊጉላ» ከሴኔካ ጎን ሊቆም ይችላል። ዓለም ትርጉም የላትም የሚለውን የራሱን ሐሳብ ወስዶ ለአንድ ጨካኝ ንጉሥ ሰጠው፤ ንጉሡም ሐሳቡን እስከ ጥጉ ሲወስደው ስንት ሰው እንደሚያልቅ አሳየን። ይህም ፈላስፋ በገዛ ሐሳቡ ላይ የመሰከረበት ሥራ ነው።

ወደ «አኒባል» ስንመለስ፣ ፍርዳችንን በግልጽ እንናገር። ድርሰቱ ታላቅ ግጥም ነው፤ የአንድ ትውልድ ቁስል የተነገረበት ከፍ ያለ ሐሳብም ነው። አሳዛኝ ቴአትር የሚሆነው ግን ደራሲው ከአሳቢነታቸው ዘንግተው ጀግናው ብቻውን በሚቀርበት፣ ማንንም በማያስተምርበት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ አጭር ነው። ሆኖም አለ፤ ስደተኛው አዛዥ ከእጁ ወታደርም አገርም የሌለው ሆኖ ሞትን የሚጠብቅበት ታሪክ፣ ምንም ትምህርት ቢያለብሱት ትምህርቱን አውልቆ ይጥላልና። ማንም ተመልካች በዚያ ሰዓት ስለ አገር አንድነት አያስብም፤ ስለዚያ ሽማግሌ ያስባል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው የሞቱትን ደራሲ ለመተቸት ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ነው። መምህራን የአቶ ከበደን ግጥም ለተማሪ ሲሰጡ፣ ዘወትር የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ከዚህ ምን እንማራለን? ተማሪውም መልሱን በአንድ መስመር ጽፎ ውጤቱን ይቀበላል። ለአዝማሪው ግጥም ይህ ጥያቄ ይበቃል። ለቴአትር ሲቀርብ ግን ድርሰቱን ይገድለዋል፤ ተማሪውም ዕድሜውን ሙሉ፣ የሚቃወመው ሰው ሊናገረው የሚችል እውነት ያለ አይመስለውም። ኋላ ሹም በሆነ ጊዜ፣ ባለጉዳይ ፊቱ ቆሞ ሲናገር፣ ከዚህ ምን እንማራለን ብሎ ሊያሰናብተው ነው። በይፋት ያለ መምህር ደግሞ ከማንም የበለጠ ዕድል አለው፤ ክፍሉ ውስጥ የአማራ፣ የአርጎባና የኦሮሞ ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ አንዱን ታሪክ በሁለት ወገን መስማት ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለዚህም ከቀርታጎን የቀረበ ጭብጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1332 የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን በዐፄ ዓምደ ጽዮን ላይ ተነሣ፤ ድል ሆኖም ታሰረ። ንጉሡ በቦታው የሾሙት የገዛ ወንድሙን ጀማልዲንን ነው። አንድ ሰው በታሰረ ወንድሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለሾመው ንጉሥ ታማኝ መሆን፣ ለሕዝቡና ለሃይማኖቱም ታማኝ መሆን ይገባዋል፤ ሁለቱም ይገባዋል። ኋላ ጀማልዲን ራሱ በንጉሡ ላይ ተነሣ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ነገሩን ከአንድ ወገን ይተርከዋል፤ ለዚያ የተጻፈ ነውና አይፈረድበትም። ጀማልዲን ሹመቱን በተቀበለበት ሌሊት ምን እንዳሰበ ግን ማንም አልጻፈም። ንጉሡም ቢሆኑ መሾማቸው በደል አልነበረም፤ ደም ከሚፈስ ወንድም በወንድም ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል ብለው ይሆናል። እዚህ ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

አቶ ከበደ የተወለዱበት ደጋ ይህን ቆላ ቁልቁል ያያል። እርሳቸው ዓይናቸውን ከዚያ በላይ አንሥተው ቀርታጎን ድረስ ተመለከቱ፤ የሰጡንም ትንሽ ነገር አይደለም። ከእርሳቸው በኋላ የሚጽፍ ሰው ግን ከአፋፉ ወርዶ ወንዙ ዳር ሊቆም ይችላል። እስከዚያው ድረስ፣ በጀውሃም ሆነ በሸዋ ሮቢት «አኒባል»ን የሚያስነብብ መምህር አንድ ሥራ እንዲሰጥ እንለምነዋለን። ከአኒባል ረጃጅም ንግግሮች አንዱን ይምረጥና፣ ተማሪዎቹ የስኪፒዮንን መልስ በዚያው ምጣኔ፣ በዚያው ቤት፣ ከአኒባል ቃል በማያንስ ብርታት እንዲጽፉ ያዝዛቸው። ከዚያም ሁለቱን በክፍል ፊት ያስነብብ፤ የሮማዊውንም ክፍል ከሁሉ ድምፁ ለሚያምረው ልጅ ይስጥ።